የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይን ተሻግሮ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ለሚል ሰው፣ በቁልፍ ቀራጩና በሰዓት ጠጋኙ መካከል አንዲት ጠባብ ሱቅ ትገኛለች። ታፔላዋ «ሀኒፋ የጽሕፈት ሥራ» ይላል። በዚያ መንገድ ላይ ፎርም እንሞላለን ባይ እንደ አሸን ነው የፈላው፤ ኮምፒውተር የገዛ ሁሉ ጸሐፊ ነኝ ይላል። ሰው ግን ጉዳዩ የምር ሲሆንበት፣ ነገሩ የሞት ሽረት ሲሆን፣ ሁሉንም አልፎ ሄዶ ሀኒፋ በር ላይ ይሰለፋል። ይሄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም።

ሀኒፋ ሸምሰዲን ያኔ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከስልጤ መጥቶ እዚያችው ሱቅ ውስጥ ጓጉንቸር ቁልፍ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ታይፕ ትምህርት ቤት አስገባት፤ «ጣትሽ ሥራ ካወቀ እጅሽን ለማንም አትዘረጊም» ብሎ። እውነቱን ነው። በታይፕ መኪና ስንቱን አቤቱታ ጻፈች፣ ስንቱን ውል፣ ስንቱን የይቅርታ ደብዳቤ። ኮምፒውተር ሲመጣም ከልጆቹ እኩል ተምራ ቀደመቻቸው። የድሮው መኪና ግን ዛሬም ጥግ ላይ አለ፤ ሳትወለውለው አትውልም።

ስትሠራ ማየት ነው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አትነካም። ባለ ካሬ ደብተሯን ትከፍትና ባለጉዳዩን በርጩማ ላይ አስቀምጣ «እስቲ ንገሩኝ» ትላለች። አንዱ የተወለድኩት ኮሌራ የገባ ክረምት ነው ይላታል፤ ሌላዋ ትልቁ ወንድሜ በተገረዘ በዓመቱ ነው ትላታለች። ሀኒፋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በልቧ ታሰላና ቀኑን ከነወሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ታወጣዋለች፤ ጳጉሜ እንኳ አታደናቅፋትም። ከዚያ የጻፈችውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች በአማርኛ መልሳ ታነባለች። ሳይነበብለት የፈረመ አንድ ሰው የለም። «እኔ ብዕር ነኝ፤ አፉ የእርስዎ ነው» ትላለች። ቸኩያለሁ የሚል ካጋጠማት «እንግዲያው ቸኩለው ይጻፉት» ብላ ደብተሩን ትዘጋለች፤ ቸኳዩም ተመልሶ ይቀመጣል።

«የኔ ፎርም ተመልሶ አያውቅም» ትል ነበር። ስትለው ደረቷን ነፋ ታደርጋለች፤ ታድርግ፣ ያስነፋል። ታዲያ ይህቺው ሀኒፋ በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥር ተሳሳተች። ሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚያወራላት ደግሞ ስላልተሳሳተችባቸው ሺህ ፎርሞች አይደለም፤ ስለዚያ ስለተሳሳተችበት ነው።

ቀኑ ጥር ስድስት፣ ሰኞ ነው። እትዬ የሺዓለም አጥናፉ ፌስታል በደረታቸው አቅፈው ገቡ። እትዬ የሺዓለም አትክልት ተራ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይሸጣሉ፤ ያኔ ገበያው ገና ከቦታው አልተነሳም፣ እሳቸውም ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ባለው ቤታቸው ውስጥ ነበሩ። ወደ ስድሳው የተጠጉ፣ ገበያ ላይ በአንደበታቸው የሚፈሩ ሴት ናቸው፤ ሚዛን የሚያጭበረብር ሰው እሳቸው ባሉበት መደዳ አይቆምም። ያን ዕለት ግን ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ሀኒፋዬ፣ ልጄ ጋ ልሄድ ነው» አሉ በርጩማው ላይ ሳይደላደሉ። «ፀደንያ ጋ። ኒውዚላንድ ናት። የዚያን አገር ቪዛ እሷው እዚያ ሆና ጨርሳልኛለች፤ ይኸው። ቲኬቱም ተቆርጧል። አሁን ደግሞ ቲኬት ቢሮ ያለችው ልጅ ትራንዚት ቪዛ ያስፈልግዎታል አለችኝ።»

ሀኒፋ ቲኬቱን ተቀብላ አየች። አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አንድ አገር ያርፋል፤ ቀጣዩ የሚነሳው ከአሥራ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው።

«ልክ ብላለች እትዬ። አውሮፕላኑ የሚያርፍበት አገር ያድራሉ። ለዚያ ፈቃድ ይፈልጋሉ።»

«እኔ እዚያ ምን አለኝ? ዘመድ የለኝ፣ ገበያ የለኝ። በደጃቸው ለማለፍ ነው ፈቃድ?»

«በሰው ግቢ አቋርጠው ሲያልፉ ‹ቤቶች› አይሉም?»

«እላለሁ እንጂ።»

«ይሄም ‹ቤቶች› ማለት ነው።»

እትዬ የሺዓለም ፎርሙን ገለጥ ገለጥ አደረጉት። «አሥራ ሁለት ገጽ ቤቶች» አሉ።

ሀኒፋ ደብተሯን ከፈተችና መጠየቅ ጀመረች። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ ሥራ፣ መኖሪያ፤ ከዚህ በፊት የት አገር ሄደዋል፤ የትም። የታጠቀ ድርጅት አባል ሆነው ያውቃሉ ወይ ስትላቸው እትዬ የሺዓለም አሰብ አድርገው «የእድር አባል ነኝ» አሉ።

«እድር አይቆጠርም።»

«እንዴት አይቆጠርም? ሃያ ስምንት ዓመት የከፈልኩበት ነው።»

ሀኒፋ ሳቀች፤ ባለጉዳይ ፊት ብዙ የምትስቅ ሴት አይደለችም። ከዚያ ለምን እንዲህ እንደቸኮሉ ጠየቀቻቸው። ፀደንያ የካቲት ሃያ ስድስት በኦፕራሲዮን ልትወልድ ነው። ባሏ የመርከብ ሠራተኛ ነው፤ እስከ ሚያዝያ ባሕር ላይ ነው። እዚያ አገር ሌላ ሰው የላትም። አውሮፕላኑ የካቲት ሃያ አንድ ይነሳል፤ ቪዛው ደግሞ አሥራ አምስት የሥራ ቀን ይፈጃል።

«የወለደች ሴት ብቻዋን መሆን የለባትም» አሉ እትዬ የሺዓለም። «እኔ መዘግየት አልችልም ሀኒፋ። ሌላውን ሁሉ እችላለሁ።»

ይህን ሲሉ እጃቸው ፌስታሉን ጨምድዶ ይዞት ነበር። ሀኒፋ አይታዋለች፤ የእናት ጭንቀት ነው ብላ አለፈችው።

«የምትቀበልዎት ሰው ምንዎ ናት?»

«ልጄ ናት አልኩሽ እኮ። ከሷ ሌላ ምን አለኝ።»

ሀኒፋ «ልጅ» ብላ ጻፈች። ኮምፒውተሩ ላይ አስገባች፣ አንብባ አሰማች፣ እትዬ የሺዓለም ፈረሙ። ረቡዕ ዕለት ማመልከቻ መቀበያው ቢሮ ገባ። ሀኒፋም ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው፣ ሌላ ፎርም ይዛ ረሳችው።

ጥር ሃያ አራት፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ ስትመለስ መልሱ በኢሜይል ጠበቃት። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ቢሮው ተቀባይዋን የልደት ምስክር ወረቀት በቀጥታ ላኪ ብሏት ኖሮ፣ ፀደንያም ልካለች። መልሱ እንዲህ ይላል፦ አመልካቿ ተቀባይዋን ልጄ ናት ብለዋል፤ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ግን እናት ተብላ የተመዘገበችው ወርቅአፈራሁ አጥናፉ የምትባል ሌላ ሰው ናት፤ የቀረበው መረጃ እውነት ስለመሆኑ ተጠራጥረናል፤ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል።

ሀኒፋ ፊቷ እሳት ሆነ። ባለጉዳይ ዋሸኝ ብላ ብትናደድ ይቀላት ነበር፤ ንዴቷ ግን ወደ ራሷ ዞረ። እሷ ሰው ታሞ ያውቅ እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ታስሮ፣ ተፋትቶ፣ ከስሮ ያውቅ እንደሆነ ትጠይቃለች። «ወልደዋታል ወይ?» ብላ ግን በዕድሜዋ ሙሉ አንዲት ሴት ጠይቃ አታውቅም። ልጄ ያለችን ሴት እንዲህ ብሎ የሚጠይቅስ ማነው? ነውር ነው። ሀኒፋ ነውሩን ፈርታ ሥራዋን ዘለለች፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ስልኩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። እንዲህ ያለ ወሬ በስልክ አይነገርም። ሱቁን ቆልፋ በእግሯ ወደ አትክልት ተራ ወረደች፤ ቃሪያ በጀርባቸው የተሸከሙ ወዛደሮች «መንገድ፣ መንገድ» እያሉ ሲገፏት፣ በበሰበሰ ጎመን ላይ እየረገጠች፣ የነጭ ሽንኩርቱ መደዳ ደረሰች። እትዬ የሺዓለም ዝንጅብል ከአፈሩ እያራገፉ ነበር። ሀኒፋ የቲማቲም ሣጥን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ተመልሷል» አለች። «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የኔ ነው። መጠየቅ ያለብኝን ሳልጠይቅ ጻፍኩ። አሁን ልጠይቅዎት፤ ወርቅአፈራሁ ማናት?»

እትዬ የሺዓለም እጃቸው ላይ ያለውን ዝንጅብል ቀስ ብለው ሣጥኑ ውስጥ መለሱት። ደንበኛ መጥቶ ዋጋ ጠየቃቸው፤ አልሰሙትም፤ ሄደ።

«ይሄንን ስም ሰው አፍ ላይ ከሰማሁት ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው» አሉ። «ታናሽ እህቴ ናት። ደብረ ሲና ነበረች። ምጥ ይዟታል ብለው ላኩብኝ። ክረምት ነው፤ መንገዱ ተቆርጦ ሁለት ቀን አውቶብስ ውስጥ አደርኩ። ስደርስ ቀባሪው ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘኝ። ሕፃኗ የሦስት ቀን ልጅ ናት። አባቷ የማነ ወታደር ነበር፤ ሰሜን እንደዘመተ ቀረ። ታቅፌያት መጣሁ። አክስት የሚል ቃል በዚህ ቤት አይጠራም ብዬ ማልኩ፤ አልተጠራም።»

«ፀደንያ ታውቃለች?»

«ፓስፖርት ልታወጣ ስትል የልደት ወረቀቷ ላይ ስሙን አየችው። አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች፤ ከማን ወሰድሽው ሲሏት፣ ከጎረቤት ነው እላለሁ። የወርቄ አሳሳቅ ነው ሀኒፋ። ቁርጥ የሷ ነው።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሰበሰቡ። «ያኔ ዘገየሁ። አሁንም ልዘገይ ነው።»

«አይዘገዩም» አለች ሀኒፋ። በሥራዋ ለማንም ቃል ገብታ አታውቅም፤ ፎርም ትሞላለች እንጂ ቪዛ እሷ አትሰጥም። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም።

በማግሥቱ ቅዳሜ እትዬ የሺዓለም ሱቋ ሲመጡ ማቲዎስ ከኋላቸው ተከትሎ ገባ። ማቲዎስ ሁለት ሱቅ አለፍ ብሎ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፤ ምላሱ ቅቤ የሆነ የአራዳ ልጅ፤ ክፉ አይደለም፣ መንገድ ሲያይ ግን አቋራጩን ነው የሚያየው። እትዬ የሺዓለም ሲያለቅሱ በር ላይ አግኝቷቸው ነገሩን ሰምቷል።

«ማዘር፣ ይሄ ምን ያስጨንቃል?» አለ። «እርስዎም የአጥናፉ ልጅ፣ እሷም የአጥናፉ ልጅ። ወርቅአፈራሁ የቤት ስሜ ነው፣ የሺዓለም የመዝገብ ስሜ ነው ይበሉ። ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው የሚል ወረቀት ስንት ሰው ያወጣል። ሦስት ምስክር፣ አንድ ማኅተም፣ አለቀ።»

ይሄ የማይሆን ነገር አልነበረም። በዚህ ከተማ ሁለት ስም የሌለው ሰው ማን አለ? የቤት ስም፣ የትምህርት ቤት ስም፣ የክርስትና ስም። ስንት ሰው በእውነት ያንን ወረቀት አውጥቶ ጉዳዩን ጨርሷል፤ ራሷ ሀኒፋም ለስንቱ ማመልከቻውን ጽፋለች። እትዬ የሺዓለም ወደ ሀኒፋ ቀና አሉ።

«ይሆናል እንዴ?»

ሀኒፋ ደብተሯን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ቃል ገብታለች፤ ቀኑ እየሄደ ነው፤ የማቲዎስ ወረቀት ደግሞ በሦስት ቀን ያልቃል። እንደሚሠራም ታውቃለች፤ ያስጨነቃትም ይኸው ነበር።

«ይሆናል» አለች በመጨረሻ። «አልዋሽዎትም፤ ይሆናል። ግን ያ ወረቀት ሲወጣ ወርቅአፈራሁ የምትባል ሴት አልነበረችም ማለት ነው። አልተወለደችም፣ አልወለደችም፣ አልሞተችም። ቀብሯ ላይ አልደረሱም፤ አሁን ግን በእጅዎ ሊቀብሯት ነው። እኔ ያንን አልጽፍም። ሌላ ሰው ይጽፍልዎታል፤ አልቀየምዎትም።»

ማቲዎስ ጫማውን ጫማውን ማየት ጀመረ። እትዬ የሺዓለም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «አይጻፍ» አሉ።

«እንግዲያው እውነቱን እንጽፋለን። የእናቷ እህት፤ አክስት።»

«እሱንም አልፈርምም።»

«እትዬ…»

«አልፈርምም ሀኒፋ። ሠላሳ አንድ ዓመት እናት ሆኜ፣ ጡጦ ይዤ ሌት ተቀን ቆሜ፣ ለማያውቀኝ ፈረንጅ ብዬ አክስት ነኝ ብዬ ልፈርም? የካድኳት የዚያን ዕለት ነው።»

እንግዲህ ፈተናውን እዩት። እናት ብትል ውሸት ሆነ፤ አክስት ብትል ክህደት ሆነ። ፎርሙ ደግሞ እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም፣ ልጅ ይልና ከታች «ሌላ» ብሎ ሁለት ጣት የማትሞላ መስመር ትቷል። ሀኒፋ በዚያች መስመር ላይ ምን እንደሚጻፍ አላወቀችም። ሠላሳ ስድስት ዓመት በቃል የኖረች ሴት ቃል አጣች።

«ያሳደጓት ለመሆኑ ወረቀት አለዎት?» ብላ ጠየቀች። «ምንም ይሁን። የክትባት፣ የክርስትና፣ የትምህርት ቤት።»

እትዬ የሺዓለም ቤታቸው ሄደው አንድ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ። ውስጡ የፀደንያ የትምህርት ቤት ካርዶች ናቸው፤ ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ አንድም አልጎደለም። ሀኒፋ ባንኮኒው ላይ በተራ ደረደረቻቸው። ውጤቱን አይታ፣ ጠባይ የሚለውን አይታ፣ ዓይኗ ከታች ያለው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። በእያንዳንዱ ካርድ ግርጌ ያ ሁላችንም የምናውቀው ጽሑፍ አለ፦ «የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ»።

በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ካርድ ላይ ያለው የአውራ ጣት አሻራ ነው። ሦስተኛ ክፍል ላይ «የሺ» የሚሉ ሁለት ፊደላት፣ ድንች የሚያክሉ፣ ከመስመሩ ወጥተው ተቀምጠዋል።

«ይሄ ምንድነው እትዬ?»

«አስተማሪዋ፣ እናትሽ አትጽፍም እንዴ ብሎ ልጆች ፊት ጠየቃት። አልቅሳ መጣች። እኔም የማታ ትምህርት ገባሁ። ቀን ሽንኩርት፣ ማታ ሀ ሁ። ለሷ ካርድ መፈረሚያ ብዬ ነው የተማርኩት፤ ለሌላ ለምን ይጠቅመኝ ነበር።»

አራተኛ ክፍል ላይ ፊደሉ አነስ ብሏል። ሰባተኛ ላይ መስመሩ ውስጥ ገብቷል። አሥራ ሁለተኛ ላይ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሚያስቀና ፊርማ ሆኗል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት፣ ሃያ አራት ጊዜ፣ አንዲት ሴት በአንዲት መስመር ላይ። ሀኒፋ መነጽሯን አውልቃ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው፤ ቆሽሾ አልነበረም።

«ቃሉ ይኸው» አለች። «እኛ ስንፈልግ እርስዎ ጋ ነበር። እናት ነኝ ብለው አልዋሹም፣ አክስት ነኝ ብለው አይክዱም። ሃያ አራት ጊዜ ፈርመውበታል፤ ሃያ አምስተኛውን ቢፈርሙ ምን አለ?»

ሁለት ጣት በማትሞላው መስመር ላይ «አሳዳጊ» ብላ ጻፈች። ከዚያ የእሁድን ቀን ሙሉ ደብዳቤውን ስትጽፍ ዋለች። ስድስት ጊዜ ቀዳደደችው፤ አንዱ ረዘመ፣ አንዱ ለቅሶ በዛበት፣ አንዱ ለማኝ መሰለ። ሰባተኛውን በአማርኛ ለእትዬ የሺዓለም አነበበችላቸው፦

«ፀደንያ የማነን የወለደቻት ታናሽ እህቴ ወርቅአፈራሁ አጥናፉ ናት። በወለደች በሦስተኛው ቀን ሞተች። ያሳደግኋት እኔ ነኝ። በእኛ አገር ላሳደገች ሴት ከእናት ሌላ መጠሪያ ስለሌላት ልጄ ብያታለሁ፤ ላታልላችሁ ብዬ አይደለም። ማስረጃዬ እነዚህ አሥራ ሁለት ካርዶች ናቸው፤ በሁሉም ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እናቷ ስትወልድ ዘግይቼ ደረስኩ። በአገራችሁ ላልፍ የምለምነው ሁለተኛ እንዳልዘገይ ነው።»

እትዬ የሺዓለም ሰምተው ሲጨርሱ «ታችኛውስ ምንድነው?» አሉ፤ ከፊርማቸው ቦታ በታች ሌላ ሁለት መስመር አይተው።

«እሱ የኔ ነው» አለች ሀኒፋ። «በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ ያለው ስህተት የአመልካቿ ሳይሆን የጸሐፊዋ ነው ይላል። ስሜና ስልኬ አለበት።»

በዚያ ሰፈር ፎርም ሞልቶ ስሙን የጻፈ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም። ቪዛ ሲገኝ ሁሉም እኔ ነኝ ይላል፤ ሲቀር ጸሐፊ አይገኝም። ሀኒፋ ግን ፊርማዋን አስቀመጠች፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያላስነካችውን ስሟን ከነስህተቱ ላከችው። ሰኞ ጠዋት ማቲዎስ ሳይጠራ ሞተሩን አስነስቶ መጣና «እኔ ላድርሰው» አለ። ካርዶቹን በጃኬቱ ውስጥ ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት ጥር ወር በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። የካቲት አሥራ ሦስት እትዬ የሺዓለም ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ። ሀኒፋ መግባት አልተፈቀደላትም፤ የቢሮው አጥር ሥር ቆማ ሁለት ሰዓት ጠበቀች። እትዬ የሺዓለም ሲወጡ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም ነበር።

«ምን ጠየቁዎት?»

«ምንም አልጠየቀችኝም ማለት ይቻላል። አንዲት ሴት ናት። ካርዶቹን ልክ እንዳንቺ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። አየች፣ አየች። ከዚያ ጣቷን አንደኛ ክፍል ካርድ ላይ አድርጋ፣ ይሄ አሻራ የማን ነው አለችኝ በአስተርጓሚ።»

«ምን አሏት?»

«ምን እላለሁ? አውራ ጣቴን አሳየኋት።»

የካቲት አሥራ ስምንት ቪዛው ወጣ። ሃያ አንድ ላይ እትዬ የሺዓለም በርበሬና አጥሚት፣ ሻንጣው ሊፈነዳ እስኪደርስ ጠቅጥቀው፣ ሄዱ። በማግሥቱ ከመሸጋገሪያው አገር ስልክ ደወሉ። «ሀኒፋዬ፣ ቤቶች ብዬ ገባሁ፤ ግቡ አሉኝ። አልጋው ግን ጠንካራ ነው» አሉና፣ ሀኒፋ አንድ ቃል ሳትመልስ መስመሩ ተቋረጠ።

ሀኒፋ ከዚያ ወዲህ «የኔ ፎርም ተመልሶ አያውቅም» አትልም። «አንድ ጊዜ ተመልሷል» ትላለች፤ ለአዲስ ባለጉዳይ ሳይቀር ሳይጠየቅ ትናገራለች። በባለ ካሬ ደብተሯ ላይም አንድ ጥያቄ ጨምራለች። «ወልደዋታል ወይ?» አይደለም፤ ያ ዛሬም ነውር ነው። «ማን አሳደጋት?» ትላለች። ይህን ሲጠየቅ የሚቀየም ሰው እስካሁን አላጋጠማትም። ወልዳ ያሳደገችም፣ ሳትወልድ ያሳደገችም፣ ቀና ብላ ነው የምትመልሰው፤ ሀኒፋም ከዚያ በኋላ የቀረውን ራሷ ጠይቃ ትደርስበታለች።

የካቲት ሃያ ሰባት ጠዋት፣ ሱቁን ከፍታ የታይፕ መኪናውን ስትወለውል፣ ስልኳ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። የማታውቀው ቁጥር ነው። ድምፁ የደከመ ነው፣ ግን ደስ ያለው።

«እትዬ ሀኒፋ፣ ፀደንያ ነኝ። ትናንት ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ሁለታችንም ደህና ነን። ስነቃ እማ እጄን ይዛኝ ነበር። እማ ልክ በሰዓቱ ደርሳለች፤ ንገሪያት ስላለችኝ ነው። ደግሞ ሌላም አለ። የጻፍሽላትን ደብዳቤ ግልባጭ ቦርሳዋ ውስጥ አግኝቼ አነበብኩት፤ ከመውለዴ በፊት ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኳት። ቀኑን ሙሉ ስለ ወርቅአፈራሁ ስትነግረኝ ዋለች። ቁመቷን፣ ዘፈኗን፣ ቡና የማትወድ መሆኗን። አሳሳቄንም ነገረችኝ። ከጎረቤት አይደለም ለካ።»

ከዚያ ቀጥሎ መልእክቱ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ አፍ ላይ በተጫነ መዳፍ የታፈነ ሳቅ። ሀኒፋ መልእክቱን እንደገና ከፈተችው።